የፊልም ሙዚቃ ሽልማት ለማን ይሰጣል?

ፊልም ተመልካች ከአዳራሽ ሲወጣ በዓይኑ ያየውን ያወራል፤ በጆሮው የሰማውን ግን ሳያውቀው ይዞት ይሄዳል። በሆሣዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በአንጋጫ ከቪዲዮ ቤት የወጣ ወጣት የተዋናዩን ስም፣ የጠቡን አነሣሥ፣ የፈረሱን ግልቢያ አንድ በአንድ ሊተርክ ይችላል። ያን ሁሉ ሲያይ ልቡን ከፍና ዝቅ ያደረገው ዜማ የማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ግን መልስ አይኖረውም። ጥፋቱ የተመልካቹ አይደለም። የፊልም ሙዚቃ በባሕርዩ ከምስሉ ጀርባ የሚቆም ጥበብ ነው። ደራሲው እንደ ሠርግ ቤት ወጥ ሠሪ ነው፤ እድምተኛው ሁሉ ይበላል፣ ወደ ጓዳ ገብቶ ስም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ስለ ፊልም ሙዚቃ ሽልማት ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው የአሸናፊዎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል። ሽልማቱ ከተጀመረ ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ያላባራው ክርክር ማን ይበልጣል የሚለው ሳይሆን፣ ሙዚቃው የማን ነው የሚለው ነው። ዜማ በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በአገር ስም በሚጠራባቸው በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ለሚኖር መምህርና ከያኒ ደግሞ ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም።

የአሜሪካ የፊልም ጥበብና ሳይንስ አካዳሚ፣ በተለምዶ ኦስካር የሚባለውን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1929 ነው። በዚያ ዕለት ለሙዚቃ የተመደበ ሽልማት አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ ለመረዳት አያስቸግርም። «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ድምፅ ያለው ፊልም ለሕዝብ የቀረበው ከሁለት ዓመት በፊት እ.ኤ.አ. በ1927 ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ሙዚቃው ከፊልሙ ጋር አብሮ የተሰፋ አልነበረም፤ በየአዳራሹ የተቀመጠ ፒያኖ መቺ ወይም ኦርኬስትራ ምስሉን እያየ የሚጫወተው ነበር። ያው አንድ ፊልም በአንዱ ከተማ በአንድ ዜማ፣ በሌላው ከተማ በሌላ ዜማ ይታጀብ ነበር። የማን ዜማ ተብሎ ሊሸለም ይችል ኖሯል?

ድምፅ በፊልም ጥቅል ላይ መታተም ከጀመረ በኋላ ግን ሙዚቃው ከምስሉ ጋር ለዘለቄታው ተጋባ። አካዳሚውም እ.ኤ.አ. በ1934 ለተሠሩ ፊልሞች በየካቲት ወር 1935 ሽልማት ሲሰጥ ሁለት የሙዚቃ ዘርፎችን ጨመረ፤ አንዱ ለዘፈን፣ ሁለተኛው ለማጀቢያ ሙዚቃ። በማጀቢያ ሙዚቃ ያሸነፈው «ዋን ናይት ኦፍ ላቭ» የተባለው የኮሎምቢያ ኩባንያ ፊልም ነበር። ሽልማቱ የተመዘገበው ግን በዜማው ደራሲ ስም ሳይሆን በስቱዲዮው የሙዚቃ ክፍል ስም ሲሆን፣ የተረከበውም የክፍሉ ኃላፊ ሉዊስ ሲልቨርስ ነበር።

ይህ አሠራር ከምን መጣ ቢባል፣ ከስቱዲዮው የሥራ ክፍፍል ነው። በዚያ ዘመን የሆሊውድ ታላላቅ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው የሙዚቃ ክፍል ነበራቸው። በክፍሉ ውስጥ በደመወዝ የተቀጠሩ የዜማ ደራስያን፣ ዜማውን ለየመሣሪያው የሚያከፋፍሉ አቀናባሪዎች፣ ኖታ ገልባጮች፣ የኦርኬስትራ መሪዎችና ተጫዋቾች ነበሩ። አንድ ፊልም በችኮላ ሲደርስ ሥራው ለብዙዎች ይከፋፈላል፤ የጠቡ ትርኢት ለአንዱ፣ የፍቅሩ ለሌላው ይሰጣል። ውሉ እንደሚያዝዘው የተጻፈው ሁሉ የኩባንያው ንብረት ነበር። ስለዚህ የፋብሪካ ውጤት ነው ተብሎ ለፋብሪካው አለቃ ተሸለመ። ሐሳቡ ጨርሶ መሠረት የሌለው አይደለም፤ የፊልም ሙዚቃ በእርግጥም የብዙ እጅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከብዙ እጅ ውስጥ ተመርጦ ወደ መድረክ የወጣው ዜማ የጻፈው እጅ ሳይሆን ደመወዝ የሚፈርመው እጅ መሆኑ ነበር ነውሩ።

ነውሩም ብዙ ሳይቆይ ታየ። እ.ኤ.አ. ለ1936 ያሸነፈው «አንተኒ አድቨርስ» የተባለው የዋርነር ኩባንያ ፊልም ሲሆን፣ ሙዚቃውን የደረሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በቪየና የታወቀው ኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድ ነበር። ሐውልቱን የወሰደው ግን የክፍሉ ኃላፊ ሊዮ ፎርብስታይን ነው። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ነገሩ ከዚህም ባሰ። «ዋን ሀንድረድ ሜን ኤንድ ኤ ገርል» የተባለው የዩኒቨርሳል ፊልም በማጀቢያ ሙዚቃ ሲሸለም፣ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የክፍሉ ኃላፊ የቻርልስ ፕሬቪን ስም ብቻ ነበር፤ የዜማ ደራሲ ተብሎ የተጠቀሰ አንድም ሰው አልነበረም። ለድርሰት በተሰጠ ሽልማት ላይ ደራሲ አልተገኘም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ለ1938 ፊልሞች ደንቡ ተለወጠ። ለፊልሙ አዲስ የተደረሰ ሙዚቃ ለብቻው ዘርፍ ተከፈተለት፤ ሽልማቱም ለራሱ ለደራሲው እንዲሰጥ ሆነ። በአዲሱ ደንብ መጀመሪያ የተሸለመው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተነፈገው ያው ኮርንጎልድ መሆኑ የታሪክ ካሣ ይመስላል። ፊልሙ «የሮቢን ሁድ ጀብዱዎች» ነበር። ኮርንጎልድ አይሁዳዊ ነበር። ለዚህ ሥራ ተጠርቶ ከቪየና ወደ አሜሪካ የሄደው እ.ኤ.አ. በ1938 መጀመሪያ ሲሆን፣ በመጋቢት ወር የሂትለር ጦር ኦስትሪያን ያዘ። ያ ፊልም ሕይወቱን እንዳተረፈለት በኋላ ራሱ ይናገር ነበር። ከሐውልቱ ይልቅ ይህ ይከብዳል።

ደንቡ ቢለወጥም የባለቤትነት ጥያቄ በአንድ ጊዜ አልተዘጋም። በማጀቢያ ሙዚቃ 9 ኦስካር በመውሰድ እስከ ዛሬ የሚስተካከለው ያልተገኘው አልፍሬድ ኒውማን ነው። ከ9ኙ መካከል ግን ራሱ ለፊልሙ አዲስ ለደረሰው ሙዚቃ የተሸለመው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰባቱን ያገኘው የሌሎችን ዜማ በማቀናበርና ኦርኬስትራ በመምራት ነው። አቀናባሪነት የተናቀ ሙያ አይደለም፤ ከደራሲነት ጋር በአንድ ሚዛን መመዘኑ ግን ቁጥሩን ያሳስታል። ኩባንያዎቹም የየራሳቸውን ሥራ በዕጩነት የማቅረብ መብት ስለ ነበራቸው፣ እ.ኤ.አ. ለ1945 በአንዱ የሙዚቃ ዘርፍ ብቻ 21 ዕጩዎች ተሰልፈዋል። በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ ወደ 5 ወረደ። ሃያ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ዕጩ የሚሆንበት ውድድር ከክብር ይልቅ የመገኘት ምዝገባ ይመስላል። ሴቶች የዜማ ደራስያን ደግሞ ብዙ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ሬቸል ፖርትማን «ኤማ» ለተባለው ፊልም በደረሰችው ሙዚቃ የተሸለመችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ሌሎች አገሮች ሌላ መንገድ ያዙ። በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1941 ኢሳክ ዱናየቭስኪ «ሰርከስ» እና «ቮልጋ ቮልጋ» ለተባሉት ፊልሞች በደረሰው ሙዚቃ የስታሊን ሽልማት ሲቀበል፣ ለብቻው ሳይሆን ከፊልሞቹ አዘጋጅና ከዋና ተዋንያኑ ጋር ነበር። የፊልም ሥራ የኅብረት ሥራ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሽልማቱ አሰጣጥ ላይ ታይቷል ማለት ነው፤ ሆኖም የዜማው ደራሲ በስሙ ተጠርቷል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም።

በህንድ ደግሞ የፊልም ዜማ ደራሲ ከተዋናይ እኩል የሚከበር ሰው ነው። የፊልምፌር ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1954 ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ዘርፎች አንዱ ለሙዚቃ ዳይሬክተር የተሰጠ ሲሆን፣ ያሸነፈውም በ«ባይጁ ባውራ» ናውሻድ ነበር። መንግሥታዊው ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ለሙዚቃ ዘርፍ የከፈተው እ.ኤ.አ. ለ1967 ፊልሞች ነው። ታላቁ የቤንጋል አዘጋጅ ሳትያጂት ራይም ለገዛ ፊልሙ በደረሰው ሙዚቃ ይህንኑ ብሔራዊ ሽልማት እ.ኤ.አ. ለ1973 አግኝቷል። የህንድ ፊልም በኢትዮጵያ ከተሞች ምን ያህል እንደ ተወደደ የሚያውቅ ሁሉ፣ ቋንቋውን ሳይሰማ ዘፈኑን በቃሉ የሚያንጎራጉር ጎረምሳ አይቶ ያውቃል። ያ ጎረምሳ የናውሻድን ስም አይሰማ ይሆናል፤ በገዛ አገሩ ግን ናውሻድ ስም አልባ አልነበረም።

ወደ ኦስካር ሲመለሱ፣ «አዲስ የተደረሰ» የሚለው ቃል ያስከተለውን ጣጣ ሁለት ታሪኮች ያሳያሉ። የመጀመሪያው የቻርሊ ቻፕሊን ነው። ቻፕሊን «ላይምላይት» የተባለውን ፊልም የሠራው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ በፖለቲካ ስደት ምክንያት ፊልሙ በሎስ አንጀለስ ከተማ እስከ 1972 በደንቡ መሠረት አልታየም። ደንቡ በዚያች ከተማ የታየበትን ዓመት እንጂ የተሠራበትን ስለማይቆጥር፣ የሃያ ዓመት ዕድሜ ያለው ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1973 እንደ አዲስ ተሸለመ። ከቻፕሊን ጋር ስማቸው የተጠራው ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቹ ሬይመንድ ራሽና ላሪ ረስል በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ሁለተኛው የጣሊያናዊው የኒኖ ሮታ ነው፤ ነገሩ የሆነውም በዚያው ዓመት ነው። ሮታ ለ«ዘ ጎድፋዘር» በደረሰው ሙዚቃ ዕጩ ሆኖ ከተመረጠ በኋላ፣ ከዜማዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1958 «ፎርቱኔላ» ለተባለ ጣሊያናዊ ፊልም የጻፈው መሆኑ ታወቀና ከዕጩነት ተሰረዘ። ሰውየው የሰረቀው ከራሱ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በቀጠለው በ«ጎድፋዘር» ሁለተኛ ክፍል ከካርሚን ኮፖላ ጋር ሲሸለም፣ ያው የተከለከለው ዜማ በፊልሙ ውስጥ እንደ ገና ይሰማ ነበር። ደንብ ሲጠብቅና ሲላላ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

በኢትዮጵያ የሙያ ሽልማት ታሪክ የሚጀምረው ከፊልሙ ጎን ለጎን ነው ለማለት ይቻላል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ለሥነ ጥበብና ለምርምር ሽልማት ሲሰጥ ነበር። ከደራስያን ከበደ ሚካኤልና ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ከሠዓልያን አፈወርቅ ተክሌ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎስያን ተሸላሚዎች ነበሩ። ለፊልም ሙዚቃ የተለየ ዘርፍ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር፤ ፊልሙ ራሱ ገና እየተወለደ ነበርና። የመጀመሪያው ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» የመጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ በዚያው ዘመን የሽልማት ድርጅቱም ከመሥራቹ መንግሥት ጋር አብሮ አከተመ።

ከአብዮቱ በኋላ ሽልማት መልኩን ለወጠ። ከቀበሌ እስከ አውራጃ፣ ከአውራጃ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። ሆሣዕና በዚያን ጊዜ በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር ለነበረው ለከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከዚያ በፊት በሠርግና በበዓል ሜዳ ብቻ ይሰማ የነበረ ዘፈን፣ ከበሮና ማይክሮፎን ባለበት መድረክ ላይ ወጣ። ፉክክሩ ግን የቡድን ለቡድን ነበር፤ ክብሩም የቡድኑና የአካባቢው ነበር። ዜማውን ከእናቱ ሰምቶ ያመጣው፣ ለመድረክ ያሳጠረው፣ ግጥሙን የለወጠው ማን እንደ ሆነ በምስክር ወረቀት ላይ አይጻፍም። እዚህ ላይ ከሆሊውዱ የሙዚቃ ክፍል ጋር የሚመሳሰል ነገር አለ፤ ልዩነቱ በሆሊውድ የሠራተኛው ስም በአለቃው ስም ሲዋጥ፣ በኪነት ቡድኑ የሁሉም ስም በአንድ ላይ መዋጡ ነው።

የኢትዮጵያ ዜማ ወደ ዓለም ፊልም የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ፣ «የከርሞ ሰው» የተባለውን ጨምሮ፣ አሰማ። ፊልሙ የሙላቱን ስም በአዲስ ትውልድ ዘንድ አስተዋወቀ። በማጀቢያ ሙዚቃ ዘርፍ ግን ሊያስወዳድረው አይችልም፤ ሙዚቃው ለፊልሙ አልተጻፈም፣ ከብዙ ዓመት በፊት በሸክላ የታተመ ነበርና። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ዕጣ ይኸው ነው። የፒያኖ ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው «ታይም» በተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ በ2021 ደግሞ «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ ይሰማሉ። «ፓሲንግ»ን ያየ ሰው ከሁሉም አስቀድሞ የሚያስታውሰው የእርሳቸውን ፒያኖ ሊሆን ይችላል፤ ለፊልሙ የተጻፈው ሙዚቃ ደራሲ ግን ዴቮንቴ ሃይንስ ነው። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ዜማቸው ከፊልም ወደ ፊልም በመጓዝ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2016 የተደረገው የኦስካር ምሽትም አንድ ነገር ያስታውሳል። ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑት፣ በካናዳ የተወለደው ዘፋኝ አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊክንድ፣ በዚያ ምሽት በዘፈን ዘርፍ ከዕጩዎቹ አንዱ ነበር፤ አላሸነፈም። በዚያው ምሽት በማጀቢያ ሙዚቃ ያሸነፈው የ87 ዓመቱ ኤኒዮ ሞሪኮኒ ነበር። ከመቶ በላይ ፊልሞችን በሙዚቃው ያደመቀው ይህ ሰው ለሥራ ዘመኑ የክብር ኦስካር ካገኘ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው በውድድር ያሸነፈው። የክብር ሽልማት ብዙ ጊዜ የዳኞች ይቅርታ መጠየቂያ ነው የሚሉ ሰዎች ያለ ምክንያት አይናገሩም።

ለፊልም ተብሎ በተደረሰ ሙዚቃ አንድ ኢትዮጵያዊ ከአገሩ ውጭ የተሸለመበት ጎላ ያለ ታሪክ የሚገኘው በኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ፊልሙ በጀርመን አገር ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰን ምሁር ሕይወት ተከትሎ፣ የደርግን ዘመን ትውልድ ዕጣ ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት በቱኒዚያ በሚደረገው፣ ከ1966 ጀምሮ ባለው የካርታጎ የፊልም በዓል የወርቅ ታኒት ሲሸለም፣ ከተጨማሪዎቹ ሽልማቶች አንዱ የምርጥ ሙዚቃ ነበር። የሙዚቃው ደራስያን ሁለት ናቸው፤ ኢትዮጵያዊው የሳክስፎን ተጫዋች ጆርጋ መስፍንና ከህንድ ወላጆች በአሜሪካ የተወለደው ፒያኖ ተጫዋች ቪጃይ አየር። በተከታዩ ዓመት ፊልሙ በዋጋዱጉ በፌስፓኮ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ።

የ«ጤዛ» ሙዚቃ ለምን ዳኞችን እንደ ማረከ ፊልሙን ያየ አይስተውም። ሳክስፎኑ የአገር ቤቱን የዜማ ስልት ይዞ ይተነፍሳል እንጂ በላዩ አይለጠፍም፤ ፒያኖው ደግሞ የባለታሪኩን የተበታተነ ትዝታ ተከትሎ ይቆራረጣል። ሙዚቃው ለሐዘን ትርኢት ሐዘን፣ ለደስታ ደስታ አይጨምርም፤ ሰውየው ሊያስታውሰው ያልቻለውን ነገር ጆሮ አስቀድሞ እንዲያውቀው ያደርጋል። ጆርጋ መስፍን «ውዳሴ» በተባለው ቡድን ከዚያ በፊት ሲሠራበት የቆየው የአገር ዜማና የጃዝ ጋብቻ እዚህ ቦታውን አገኘ። በዚያም ላይ ሽልማቱ ስም አለው፤ የሁለት ሰው ስም ነው፤ ሁለቱም ሠርተውታል። በ1936 ከኮርንጎልድ የተነፈገው ይኸው ነበር።

ሆኖም ከ«ጤዛ» በኋላ መንገዱ ለኢትዮጵያውያን ደራስያን ወለል ብሎ አልተከፈተም። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም በዓል ይፋ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም የሆነው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ሙዚቃው የፈረንሳዊው የክሪስቶፍ ሻሶል ነው። ሻሶል ጥሩ ሙዚቀኛ ነው፤ አዘጋጁም የወደደውን የመምረጥ መብት አለው። ነገር ግን የውጭ ገንዘብ ያለበት ፊልም ከገንዘቡ ጋር የውጭ ባለሙያ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ በዚህም መካከል በአዲስ አበባ በኪቦርድና በኮምፒዩተር የሚደክመው የማጀቢያ ሙዚቃ ሠሪ ለዓለም አቀፍ ዳኛ ጆሮ ሳይደርስ ይቀራል።

በአገር ውስጥ ለዚህ ሰው መድረክ የከፈተለት የጉማ ሽልማት ነው። በዮናስ ብርሃነ መዋ አነሣሽነት በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ሽልማት ስሙን የወሰደው ከፓፓታኪስ ፊልም ሲሆን፣ ከዘርፎቹ መካከል የማጀቢያ ሙዚቃና የፊልም ዘፈን ይገኙበታል። የሁለቱ መለየት ራሱ ቁም ነገር ነው። በአማርኛ ፊልም ገበያ ዘፈኑ የማስታወቂያ መሣሪያ ሆኖ ማጀቢያውን ሲጋርድ ቆይቷል፤ ተመልካች «የፊልሙ ሙዚቃ» ሲባል የሚያስበው በቴሌቪዥን የሰማውን ዘፈን ነበር። ዘርፉ ሲለይ፣ ቃል የሌለውን ሙዚቃ የሚጽፈውም ሰው አለ ተብሎ ታወቀ።

አሁን ጥያቄው ወደ ሆሣዕና ይመለሳል። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ የዛሬው ስሟ ከሆሣዕና በዓል የመጣ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ዋቸሞ የሚለውም ስም በዩኒቨርሲቲዋ ላይ ይኖራል። በአምባሪቾ ተራራ ግርጌ ያለችው ዱራሜ የከምባታ ዋና ከተማ ናት። በሐዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ፣ ሁለቱም በመስከረም ወር የሚከበሩ በዓላት፣ በሐዲይሳና በከምባቲሳ የሚዘፈኑ፣ አንዱ አውጥቶ ብዙዎች የሚቀበሏቸው ዘፈኖች አሏቸው። በደቦ ሥራ፣ በእንሰት ፍቂያ፣ በሠርግ የሚዜሙም አሉ። ከ1920ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በገባው የወንጌል ስብከት ምክንያት ደግሞ በብዙ ድምፅ የሚዘምሩ የመዘምራን ቡድኖች በየከተማውና በየገጠሩ በዝተዋል። ለፊልም ሙዚቃ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ከዚህ በላይ የሚፈለግ አይደለም።

ግን የያሆዴ ዜማ ደራሲ ማን ነው? ዜማው በፊልም ውስጥ ገብቶ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ሁለት ዓይነት በደል ሊደርስ ይችላል። ዳኛው በሮታ ላይ የወደቀውን ደንብ ይዞ «ይህ አዲስ አይደለም» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ወይም ደግሞ ዜማውን ከአንድ ቀበሌ በስልክ ቀርጾ በኪቦርድ ያሸበረቀው ሰው እንደ ደራሲ ተቆጥሮ ሊሸለም፣ ያወጡትና የተቀበሉት ሰዎች ከነስማቸው ሊቀሩ ይችላሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ በደል መሆኑ ስለማይታወቅ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለሙዚቃ ደራሲ የባለቤትነት መብት ይሰጣል፤ ሕግ ግን የሚያውቀው ስም ያለውን ሰው ነው።

ይህ የሐዲያና የከምባታ ችግር ብቻ አለመሆኑን «ብላክ ፓንተር» ያሳያል። ስዊድናዊው ሉድቪግ ዮራንሶን ለዚህ ፊልም ሙዚቃ ከመጻፉ በፊት ወደ ሴኔጋል ሄዶ ከታላቁ ዘፋኝ ከባባ ማል ጋር ተጉዟል፤ በፊልሙ መክፈቻ የሚሰማው ድምፅ የባባ ማል፣ የሚናገረው ከበሮ ደግሞ የማሳምባ ዲዮፕ ነው። ዮራንሶን ይህን አልሸሸገም፤ ሄዶ ተምሯል፣ ስማቸውንም ጠርቷል፤ ከብዙዎች ይልቅ ምስጉን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስካር የተሰጠው ግን ለእርሱ ብቻ ነው፤ ደንቡ ሌላ መንገድ የለውምና።

ስለዚህ በሆሣዕና ወይም በዱራሜ ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ወጣት፣ ስለ ሐውልቱ ከማሰቡ በፊት የሚያከናውነው የመዝገብ ሥራ አለበት። ዜማውን ያወጣው አዛውንት ስማቸው ማን ነው፤ ተቀባዮቹ እነማን ናቸው፤ የተቀረጸው በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ የተጨመረው አዲስ ሙዚቃ የቱ ነው። የትምህርት ቤት የሙዚቃና የቋንቋ መምህራን ይህን ለመሥራት የተመቸ ቦታ ላይ ናቸው፤ ደብተርና ስልክ ይበቃቸዋል፤ ተማሪዎቻቸውም ከየመንደሩ የመጡ ናቸው። የጉማ ሽልማትም ሆነ ወደ ፊት የሚቋቋም የክልል ሽልማት በማመልከቻ ቅጹ ላይ ከ«የሙዚቃ ደራሲ» በታች «ዜማው የተወሰደው ከ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር፣ ወጪው አንድ መስመር ቀለም ነው።

በየመስከረሙ በሐዲያ ሜዳዎች ችቦ ሲበራ ከተቀባዮቹ መካከል ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ ወጣት አይጠፋም። ቅጂው ስም ሳይጻፍበት ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል።